ጠበል፣ ቦታና ቃል ኪዳን

እግዚአብሔር የማይወሰን፣ በሁሉ ቦታ ያለ አምላክ ነው ብላ የምታስተምር ቤተ ክርስቲያን አንዱን ምንጭ ከሌላው ለይታ ቅዱስ የምትለው በምን ምክንያት ነው? በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ በሚገኘው ሽሮ ሜዳ ይህ ጥያቄ በየዕለቱ በተግባር ይነሣል፤ በሸማኔዎቹና በሀገር ባህል ልብስ ገበያው የታወቀው ይህ ሰፈር፣ ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ ወደ ጫኑባት እንጦጦ ማርያምና በጠበሉ ስሙ ከሀገር አልፎ ወደ ተሰማው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣው ምእመን መተላለፊያ ነውና። ከቤቱ የቧንቧ ውኃ ያለው ሰው ያን ሁሉ አቀበት ወጥቶ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ተጠምቆ፣ የተረፈውን በጀሪካን ይዞ ሲመለስ፣ አድራጎቱ ስለ ቦታና ስለ ቅድስና አንድ የተወሰነ አሳብ በውስጡ ይዟል።

ጠበል የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው፦ አንደኛው ካህን ጸልዮበትና በመስቀል ባርኮት ለምእመናን የሚሰጠው ማንኛውም ውኃ ሲሆን፣ ሁለተኛው በአንድ ቅዱስ ወይም በእመቤታችን ስም ከሚጠራ ቦታ የፈለቀ፣ ፈዋሽነቱ የተመሰከረለት ምንጭ ነው። ጠበልተኛው፣ ማለትም ለፈውስ ወደ ምንጩ የመጣው ሰው፣ ሱባኤ ይገባል፤ አንዱ ሱባኤ ሰባት ቀን ሆኖ፣ በጾምና በጸሎት፣ ጠበሉን በባዶ ሆድ በመጠጣትና በመጠመቅ ያልፋል። አጥማቂው ካህን በመስቀል ይዳብሰዋል፣ ከዕጣን የተገኘውንና እምነት የሚባለውን አመድ ይቀባዋል። ይሁን እንጂ ቤተ ክርስቲያን ጠበልን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ አድርጋ አትቆጥረውም፤ ልጅነት የሚያሰጠው ጥምቀት አንድ ብቻና የማይደገም በመሆኑ፣ በየቀኑ ሊደጋገም የሚችለው የጠበል መጠመቅ ከእርሱ ጋር የሚጋራው መንገዱን እንጂ ማዕረጉን አይደለም።

ለመነሻው ጥያቄ በቀላሉ የሚሰነዘሩት መልሶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ኃይሉ በውኃው ባሕርይ ውስጥ ነው የሚለው ነው፤ ይህ መልስ እቴጌ ጣይቱና ባለሟሎቻቸው ከእንጦጦ ብርድ እየወረዱ ይታጠቡበት ለነበረውና በ1879 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ መቆርቆር ምክንያት ለሆነው ፍል ውኃ ይስማማል፣ ምክንያቱም የፍል ውኃ ጥቅም በሙቀቱና በማዕድኑ ይገለጻል፤ ጠበል ግን ሙቅም ቀዝቃዛም፣ ማዕድን ያለውም የሌለውም ሊሆን ይችላልና በዚህ ሚዛን አይለካም። ሁለተኛው መልስ ኃይሉ በሰውዬው እምነት ብቻ ነው ይላል፤ ነገሩ እንዲህ ቢሆን ኖሮ ግን የቧንቧው ውኃ በበቃ፣ ተራራ መውጣትም ትርፍ ድካም በሆነ ነበር።

ለዚህ ክርክር ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቀርበው የሶርያው የጦር አለቃ የንዕማን ታሪክ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 5 እንደ ተጻፈው፣ ነቢዩ ኤልሳዕ በዮርዳኖስ ሰባት ጊዜ ታጠብ ባለው ጊዜ ንዕማን የደማስቆ ወንዞች ከእስራኤል ውኆች ሁሉ ይሻላሉ ብሎ ተቆጣ፤ ስለ ውኃ ጥራት ከሆነ ክርክሩ የሚያስነቅፈው አልነበረም። ከለምጹ የነጻው ቃሉን ተቀብሎ በወረደ ጊዜ ነው፤ ከዚያም በኋላ የሁለት በቅሎ ጭነት አፈር ይዞ ለመሄድ ለመነ፣ ቦታ ለእርሱ ዋጋ ያገኘው እግዚአብሔር ስላገኘው ነውና። በዮሐንስ ወንጌልም ዕውሩ በሰሊሆም ታጥቦ ሲያይ፣ 38 ዓመት የታመመው መጻጉዕ ግን በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር ተኝቶ ሳለ ውኃው ሳይነካው በቃል ብቻ ተነሥቷል። ሦስቱ ታሪኮች ሲነጻጸሩ ውኃው ሊኖርም ሊቀርም ይችላል፤ በሦስቱም የማይቀረው የተነገረው ቃል ነው።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ የምትሰጠው ስም ቃል ኪዳን ነው። በየካቲት 16 የሚከበረው የኪዳነ ምሕረት በዓል፣ ጌታ ለእናቱ በስሟ ለሚለምኑ ሁሉ ምሕረት እንደሚሰጥ የገባላትን ቃል የሚዘክር ሲሆን፣ የእንጦጦው ጠበልም የሚጠራው በዚሁ ኪዳን ነው፤ በደብረ ሊባኖስ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ በሰሜን ሸዋ የጻድቃኔ ማርያም ጠበል የሚፈለገውም በዚሁ አስተሳሰብ ነው። ቃል ኪዳን ሰጪና ተቀባይ፣ ስም፣ ቀንና ቦታ ይፈልጋል፤ ጋብቻ በሁሉ ቦታ ካለ ፍቅር ተነሥቶ ከአንድ ሰው ጋር በአንድ ቤት እንደሚጸና ሁሉ፣ በሁሉ ቦታ ያለው አምላክም ሥጋ የለበሰውን ሰው በተወሰነ ስፍራ ቢቀጥረው አለመወሰኑ አይጓደልም።

በቅዱሳን ስም ምንጭን ማክበር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአየርላንድ ገጠር ለቅድስት ብሪጅትና ለቅዱስ ፓትሪክ የተሰየሙትን ጨምሮ ወደ 3,000 የሚገመቱ የተቀደሱ ጉድጓዶችና ምንጮች ሲኖሩ፣ ምእመናን በቅዱሱ በዓል ቀን እየጸለዩ ይዞሯቸዋል፣ አጠገባቸው ባለ ዛፍ ላይም ቁራጭ ጨርቅ ያስራሉ፤ በ1704 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ ሕግ ይህን ስብሰባ በመቀጮ ቢከለክልም ልማዱ አልጠፋም። ከልካዮቹ አጉል እምነት ያሉት፣ ኃይልን በውኃው ውስጥ የሚያስቀምጠውን የመጀመሪያውን መልስ ነው፤ ያ ነቀፋ ግን ቃል ኪዳንን መሠረት ያደረገውን ልማድ አያገኘውም።

ኃይሉ በውኃው ነው በሚለው መልስና በቃል ኪዳን አስተሳሰብ መካከል ያለው ልዩነት የሞትና የሕይወት ጉዳይ የሆነው በኤች አይ ቪ ዘመን ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሕሙማን ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በወጡበት፣ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል በጀመረበት ጊዜ፣ ጠበል የጀመረ ሰው መድኃኒት መዋጥ የለበትም የሚል አሳብ ተስፋፍቶ መድኃኒታቸውን ያቋረጡ ነበሩ። ይህ አሳብ ጠበልን ያከበረ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ጠበልን ከክኒን ጋር የሚሻማ ሌላ መድኃኒት ያደርገዋል፣ ማለትም ከቃል ኪዳንነት ወደ መጠጥነት ያወርደዋል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና መድኃኒት ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ስለሆኑ አይጻረሩም፣ መድኃኒት መውሰድም ኃጢአት አይደለም ብለው ማስተማራቸው ለዘመናዊነት የተደረገ ማመቻመች አልነበረም፤ ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ ከምድር የተገኘውን መድኃኒትም እንዳንንቅ አስቀድሞ አዝዟልና።

የሚቀረው ከባድ ጥያቄ ሱባኤውን ፈጽሞ ያልተፈወሰው ሰው ነው። በጠበል ስፍራ አንዳንድ ጊዜ እምነቱ ጎድሎ ነው የሚል ፍርድ ይሰማል፤ ይህ ፍርድ ግን ምሕረትን ወደ ዕዳ ይለውጣል፣ ሰው በቂ እምነት ከከፈለ ፈውስ ይገባዋል ማለቱ ነውና። በቤተ ሳይዳ ዳር ብዙ ድውያን ተኝተው ሳለ ወንጌሉ የሚነግረን ስለ አንዱ መነሣት ነው፤ የቀሩትን ግን አንድም ቦታ አይወቅሳቸውም። የኪዳኑ ስም የምሕረት ኪዳን ከሆነ፣ በሽተኛው ከእግዚአብሔር ፈውስን እንደ ዕዳ ሊጠይቅ እንደማይችል ሁሉ፣ ሌላው ሰውም ከበሽተኛው የእምነቱን ማስረጃ ሊጠይቅ አይችልም፤ የአንድ ጠበል ስፍራ ቅድስናም ከተፈወሱት ምስክርነት ባላነሰ፣ ሳይፈወሱ ለሚመለሱት በሚሰጠው ክብር ሊመዘን ይገባል።