«ቁስለኛው እኔ ብሆንስ?»



ከየአገሩ የመጣ ሰው ጎን ለጎን በሚኖርባት በጎፋችን ሳይቀር፣ አንዳንድ ሕመምተኛ ስለ ሐኪሙ ሙያ ሳይሆን አስቀድሞ «ዘሩ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ሕመሙን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ለማስረዳት የሚሻ፣ ሴት ሐኪም የምትመርጥም እኅት፣ የሚገባቸውን ጠይቀዋል። «የእኛ ወገን ካልሆነ ይጎዳኛል» ማለት ግን ሌላ ነው፤ ያላዩትን ልብ በዘር መፍረድ ነውና።

በኢያሪኮ መንገድ የወደቀው ሰው ወገን ቢመርጥ ኖሮ በማን እጅ በዳነ? የገዛ ወገኖቹ፣ ካህኑና ሌዋዊው፣ አልፈውት ሄደዋል። (እኛ ካህናት ይህን ስናነብ ቶሎ ባናልፈው መልካም ነው።) ዘይትና ወይን ያፈሰሰለት ባዕዱ ሳምራዊ ነው።

በከተማችንም ሐኪሞቹ ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ሬጂናልድ እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ ሲመጡ ባዕዳን ነበሩ። በፊስቱላ ምክንያት የገዛ ዘመድ ያገለላቸው ብዙ ሴቶች ግን በእነርሱ እጅ ተፈወሱ። ከታካሚዎቹ አንዷ፣ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ፣ ከእነርሱ ተምረው ራሳቸው የቀዶ ጥገና ባለሙያ ሆነዋል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ይህን ምሳሌ ስታስተምሩ ልጆቹን «ቁስለኛው አንተ ብትሆንስ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ዘወትር ራሳችንን የምናስቀምጠው በሳምራዊው ቦታ ነውና።