ነፍስና ቅኝት

ባለ 12 ክር ጊታር ክሮቹ በ6 ጥንድ የተደረደሩ ናቸው። በቀጭኑ በኩል ያሉት 2 ጥንዶች እኩል ድምፅ ይሰጣሉ፤ በቀሩት 4 ጥንዶች ግን አንደኛው ክር ከጓደኛው በአንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ ይቃኛል። ሁሉም ሲወጠሩ አንገቱን የሚስቡበት ኃይል ከ100 ኪሎ ግራም ክብደት ይበልጣል። ብዙ ባለሙያዎች ክሩን ጥንድ በጥንድ መቀየርን የሚመርጡት፣ ብዙ ተጫዋቾችም ከመደበኛው ዝቅ አድርገው የሚቃኙት ለዚህ ነው።

አስቸጋሪው ሥራ ክሩ ከገባ በኋላ ይመጣል። አዲስ ክር ገና እየተለጠጠ ስለሆነ ድምፁ ይወርዳል። የመጨረሻው ሲጠብቅ ደግሞ አንገቱ በጥቂቱ ይጎብጥና አስቀድመው የተቃኙት ይላላሉ፤ ቃኚውም እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ጉብጠቱ ከበዛ በአንገቱ ውስጥ ያለው የብረት ዘንግ ይጠብቃል፤ ያኔም ቅኝቱ ዳግመኛ ይናጋል።

ይህ ሥራ አንድ ጥንታዊ ጥያቄ ያስነሳል። ፕላቶ «ፋይዶን» በተባለው ድርሰቱ ሶቅራጥስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 በእስር ቤት መርዝ የጠጣበትን ቀን ይተርካል። በዚያ እስር ቤት የቴብሱ ሲሚያስ ከባድ ሐሳብ አቀረበ። ነፍስ የሥጋ ቅኝት ብትሆንስ? የክራርና የበገና ዘመድ በሆነው በሊራ ላይ ቅኝቱ የማይታይ፣ ረቂቅና ውብ ነው፤ ሆኖም ክሩ ሲበጠስ እንጨቱ ሳይበሰብስ ቅኝቱ ቀድሞ ይጠፋል። ሞትም እንዲሁ ከሆነ ነፍስ ከሥጋ በፊት ትጠፋለች።

ሶቅራጥስ ሦስት መልስ ሰጠ። የመጀመሪያው ነፍስ ከሥጋ በፊት ነበረች በሚለው እምነት ላይ የቆመ ስለሆነ ያንን የማይቀበል ሰው አይገደድበትም። ሁለተኛው፣ ቅኝት ይበልጥ የተስተካከለና ያነሰ የተስተካከለ ሊሆን ይችላል፤ አንዲት ነፍስ ግን ከሌላዋ ይበልጥ ነፍስ አትሆንም። ጥንድ ክሮችን ለማስማማት የደከመ ሰው ይህ ልዩነት ወዲያው ይገባዋል፤ ጊታሩ ሁልጊዜ የሚገኘው በ«ይበልጥ» እና በ«ያንስ» መካከል ነውና።

ጠንካራው ሦስተኛው ነው። ሥጋ ሲጠማ ነፍስ «አትጠጣ» ብላ ልትከለክለው ትችላለች። ቅኝት ግን ክሮቹን ሊቃወም አይችልም፤ ክር ሲላላ ይላላል፣ አንገት ሲጎብጥ ይናጋል። ከክሩና ከእንጨቱ ውጭ የራሱ ፈቃድ የለውም።

ክር መቀየር ግን ሶቅራጥስ ያላነሳውን አንድ ነገር ይጨምራል። 12ቱም ክሮች ተወግደው በሌሎች ሲተኩ ያው ቅኝት ይመለሳል። የመለሰው አዲሱ ክር አይደለም፤ ድምፁ እስከ የት መውጣት እንዳለበት አስቀድሞ የሚያውቅ ጆሮና መቃኛውን የሚያዞር እጅ እንጂ። ሰው ራሱን ሲገዛ ይህን የቃኚውን ሥራ የምትሠራው ነፍስ ናት። የሲሚያስ ምሳሌ ዋና ጉድለትም እንጨቱን፣ ክሩንና ቅኝቱን ቆጥሮ ቃኚውን መተዉ ነው።