ዲሜሎ ዝም ብሏል

«ጃኔ ቢ ዶ ያሮ» በተባለው የሕንድ ፊልም ማብቂያ አካባቢ ሁሉም ሰው ይሮጣል። ፎቶ አንሺዎቹ ይሮጣሉ፤ ተቋራጮቹ ይሮጣሉ፤ የመጽሔት አዘጋጇ ትሮጣለች። በዚህ ሁሉ ትርምስ መሀል የማይቸኩል አንድ ሰው አለ። ይሸከሙታል፣ ይጎትቱታል፣ ያለብሱታል፤ እሱ ግን ዝም ብሏል። ኮሚሽነር ዲሜሎ ሞቷል።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ዲሜሎ በሕይወት ሳለ የቦምቤይ ከተማ ጉቦኛ ሹም ነበር። ውሉን ለሌላ በመስጠቱ ተቋራጩ ታርኔጃ ገደለው። ቪኖድና ሱዲር የተባሉ ሁለት ምስኪን ፎቶ አንሺዎች መናፈሻ ውስጥ ያነሱትን ፎቶ እያጎሉ፣ እያጎሉ ሲመለከቱ የግድያውን ቅጽበት ያዩታል። ኋላ በሟቹ ስም ድልድይ ተሰየመ፤ በምረቃው ላይ ገዳዩም ተገኘ።

አስከሬኑ ከተገኘ በኋላ ያለውን ቀስ ብሎ ላየ ሰው አንድ ነገር ይገለጥለታል። ዲሜሎን ሁሉም ይፈልገዋል። ታርኔጃ ሊደብቀው፣ ተፎካካሪው አሁጃ ሊያስፈራራበት፣ አዘጋጇ ሾባ ገንዘብ ልታገኝበት፣ ሁለቱ ወጣቶች እውነቱን ሊያስመሰክሩበት። የሚያለቅስለት ግን የለም። አንድ ሌሊት ብቻ፣ አሁጃ ሰክሮ መኪናውን ሲነዳ የሬሳ ሳጥኑን መንገድ ላይ ያገኘዋል። የተበላሸ መኪና መሰለው። ውስጡ ያለውን ሰውዬ እንደ መንገደኛ ያናግረዋል፣ ችግሩን ይጠይቀዋል፣ አስሮም ይጎትትለታል። ሟቹን እንደ ሰው ያናገረው ይህ ሰካራም ብቻ ነው። ሳቁ ሲበርድ የሚቀረው ይህ ነው፤ ደግነት የተገኘው ማንነቱ ሳይታወቅ ሲቀር ነው።

ከዚያ የቲያትሩ መድረክ ይመጣል። ማሃባራታ የተባለው የሕንዶች ጥንታዊ ተረክ እየታየ ነው፤ ባሏ በቁማር ያስያዛት ንግሥት ድራውፓዲ በሸንጎ ፊት ልብሷን የምትገፈፍበት ትዕይንት። ሸሽተው የገቡት ወጣቶች ዲሜሎን ሳሪ አልብሰው፣ ፊቱን ሸፍነው ድራውፓዲ ያደርጉታል። አሳዳጆቹም የትወና ልብስ እየለበሱ መድረኩ ላይ ይወጣሉ። ገፈፋውን ያዘዘውን የዱርዮዳናን ልብስ የለበሰው ራሱ ገፈፋው ይቅር ይላል፤ ከጠባቂዎቿ የአንዱን ልብስ የለበሰው አሁጃ ደግሞ በድራውፓዲ ላይ ሁላችንም ባለአክሲዮን ነን ብሎ ይሟገታል። ክፉው ጠባቂ ሆነ፣ ጠባቂው ነጋዴ ሆነ። በመሀላቸው የቆመችው ሙሽራ መሳይ ጨርቅ የለበሰች ዝምታ ናት። ሁሉም የሌላ ሰው ልብስ ለብሷል፤ ዲሜሎም እንዲሁ። መልበሱን ያልመረጠው ግን እሱ ብቻ ነው። ሌባ ሆኖ የኖረው ሹም፣ ከሞተ በኋላ በዚያ አዳራሽ ውስጥ የማይዋሽ ብቸኛ ሰው ሆነ። እንዲህ ያለ ፍርድ በኮሜዲ ውስጥ ተሸሽጎ ማየት ያስደንቃል።

በሕንድ ፊልም ዘፈንና እንባ ላደገ ተመልካች ፊልሙ እንግዳ ነው፤ የፍቅር ዘፈን የለበትም። ኩንዳን ሻህ እ.ኤ.አ. በ1983 የሠራው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ ሲሆን፣ ከ7 መቶ ሺህ ሩፒ ባነሰ ወጪ በመንግሥት የፊልም ድርጅት ድጋፍ ተሠርቶ ለዳይሬክተሩ ብሔራዊ ሽልማት አስገኝቷል። መጨረሻው መራራ ነው። ድልድዩ ይፈርሳል፤ አንድ ሌላ ባለሥልጣን፣ ተቋራጮቹና አዘጋጇ ይስማማሉ፤ ጥፋቱ በሁለቱ ወጣቶች ላይ ይጫናል። ምስክር የሚሆነው አስከሬን እጃቸው ገብቶ ነበር፤ ግን ሙት ቢመሰክርም ሰሚ ያስፈልገዋል።

የዲሜሎን ሚና የተጫወተው ሳቲሽ ሻህ ነው። ሌሎቹ ሲጮሁ፣ ሲጎትቱትና ሲገፉት ሕያው ሰውነቱን እንደ በድን መተው ነበረበት። እሱ በድን ሆኖ ባይተኛላቸው ናሲሩዲን ሻህና ራቪ ባስዋኒ፣ ኦም ፑሪና ፓንካጅ ካፑር የሚሮጡበት ሁሉ ትርጉም ባልኖረው ነበር። ሳቲሽ ሻህ በኋላም ለአሥርት ዓመታት በፊልምና በቴሌቪዥን ሕንዶችን አስቋል፤ በእኔ ግምት ግን ትልቁ ሥራው አንዲት ቃል ሳይተነፍስ የሠራው ይህ ነው።