ጎመኑን ለልጆቹ ቁርስ

ልጄ ሆይ፣ ብሌንደር መግዛትሽን ሰማሁ፤ ጥሩ አድርገሻል። ጠዋት ጠዋት ለልጆቹ አረንጓዴ ጭማቂ እየፈጨሽ ልትሰጪ ማሰብሽንም ነግረውኛል። እሱም ጥሩ ነው። ግን ጥቂት ነገር ልንገርሽ፤ አትቸኩዪብኝ። ጥሩ ሐሳብ አያያዙን ካላወቁበት የስኳር ውሃ ሆኖ ይቀራል። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው ነው።

እኛም ብቸና እናንተም ሞጣ አረንጓዴ ነገር ቸግሮን አያውቅም። ክረምት ሲገባ የሐበሻ ጎመን የሌለበት ጓሮ የለም። አመድና ፍግ ያገኘ እንደሆነ የሰው ወገብ ይደርሳል። ግን ልጄ፣ አላከበርነውም። መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» እያልን ነው ያደግነው። ጎመን ነሐሴ ላይ ጎተራው ሲራቆት የሚበላ የችግር ምግብ ነበር። እህሉ ሲደርስ ይባረራል። ዛሬም ለልጅ ቁርስ ጎመን ያቀረበች እናት የቸገራት ትመስላለች፤ ሻይ በዳቦ ያቀረበችው ደግሞ የሠለጠነች። «ጎመን በጤና» የሚሉትም እኮ የእኛው አባቶች ናቸው፤ እሱን ግን ለቁርስ አናስበውም። ሌላው ዓለም እንኳ ጎመናችንን አውቆታል። ያ ምጣድ የምናስስበት የጎመን ዘር፣ እሱ ራሱ፣ ካናዳ ተዘርቶ ዘይቱ ነዳጅ ተደርጎ በ2005 ዓ.ም ጥቅምት ወር አውሮፕላን በርሮበታል። እኛ ደግሞ ቅጠሉን ለልጆቻችን ለመስጠት እናፍራለን።

ይህ ልማድ ጎድቶናል፤ በከንቱ አልልሽም። በ2011 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመቶ 37ቱ ቀንጭረው ተገኝተዋል። በእኛ በአማራ ክልል ደግሞ ከመቶ 41 ገደማ ነበሩ። የጤፍ አገር ነን እኮ። ልጁ ሆዱ ሞልቶ ነው ቁመቱ የሚያጥረው። እንጀራውን ይበላል፤ ከእንጀራው ጋር የሚያስፈልገውን ግን አያገኝም። መንግሥት በ2007 ዓ.ም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ፣ ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዳይቀነጭሩ እስከ 2022 ዓ.ም ለማድረስ ቃል ገብቷል። የቀረው ጊዜ ጥቂት ነው። ጠዋት ልጅሽ ፊት የምታስቀምጪው ነገር ከዚያ ቃል ኪዳን ውስጥ አለበት።

መጀመሪያ ሻዩን ከቁርሱ አርቂው። ቡናውንም እንዲሁ። ከምግብ ጋር ሲጠጡ፣ ለደም የሚያስፈልገው የብረት ማዕድን ወደ ሰውነት እንዳይገባ ያግዳሉ። ሎሚ ግን ይረዳዋል። ስለዚህ ሻዩ በነበረበት ቦታ አረንጓዴው ጭማቂ ይግባ። ሌላ ምንም ባታደርጊ ይህችን ብቻ ብታደርጊ ብዙ ነው።

አሁን አሠራሩን ልንገርሽ። አራት አምስት ለጋ የጎመን ቅጠል ውሰጂ። በንጹሕ ውሃ አንድ በአንድ እጠቢው፤ ከወንዝ ዳር የመጣ ጎመን የሆድ ትል ይዞ ሊመጣ ይችላል። መሐል ለመሐል ያለውን ወፍራሙን ግንድ አውጪው። ከዚያ ጥሬውን አትፍጪው፤ ልጄ፣ ይህን አደራ። በፈላ ውሃ ነከር አድርጊው። ቅጠሉ ቀለሙ ደመቅ ሲል፣ ለስለስ ሲል፣ ቶሎ አውጪው። ብዙ ከበሰለ ጥቅሙ ውሃው ውስጥ ይቀራል። ሲቀዘቅዝ ከግማሽ አቮካዶና ከአንድ ሙዝ ጋር ብሌንደሩ ውስጥ ጨምሪው። ተቆልቶ የተወቀጠ ተልባ አንድ ማንኪያ፣ በሶ አንድ ማንኪያ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ አንድ ብርጭቆ። ክር ክሩ እስኪጠፋ ፍጪው። የግማሽ ሎሚ ውሃ መጨረሻ ላይ ጭመቂበት። አጥልለሽ ገለባውን እንዳትደፊ፤ ሆድ የሚያለሰልሰው እሱ ነው። አቮካዶውም ለጣዕም ብቻ እንዳይመስልሽ። ጎመን ውስጥ ያለው ለዓይን የሚጠቅመው ነገር ቅባት ካላገኘ ሰውነት በደንብ አይወስደውም።

ለምን ጥሬውን አትፍጪ አልሽኝ ትይኝ ይሆናል። በስልክ የምታዪዋቸው ሰዎች ጥሬውን ይፈጩታል፤ አዎ። የእነሱ አገር የእነሱ ነው። እኛ ደጋ ነን፤ አፈራችን አዮዲን ያንሰዋል። አንገታቸው ያበጠ፣ እንቅርት የወጣባቸው እናቶች በየገበያው የምናያቸው በዚህ ነው። ጎመን ደግሞ በጥሬው በየቀኑ በብዛት ሲበላ፣ ያለውንም ጥቂት አዮዲን ሰውነት እንዳይጠቀምበት ይይዛል። እሳት ሲነካው ይህ ነገሩ ይቀንሳል። ለዚህ ነው ነከር አድርጊው የምልሽ። ወጡም አዮዲን ባለው ጨው ይሠራ። ከ2003 ዓ.ም ወዲህ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ተደንግጓል። የገዛሽውን ጨው ክዳን ባለው ዕቃ አኑሪው፤ ፀሐይና እርጥበት ሲያገኘው አዮዲኑ ይጠፋል።

ቆስጣም ጥሩ ነው፤ ግን የዕለት ተዕለት አታድርጊው። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ቢቀርበት ይሻላል። ለእሱም ቢሆን ከቆስጣ ይልቅ ጎመኑ ይስማማዋል። አማትሽ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ሐኪማቸውን ሳይጠይቁ አረንጓዴውን በድንገት አታብዢባቸው።

ስኳሩን ነገር እለምንሻለሁ። ጁስ ቤት ስፕሪስ የለመደ ልጅ ስኳር ጨምሪልኝ ይልሻል። ዛሬ አንድ ማንኪያ ከጨመርሽ ነገ ሁለት ይሆናል። ሙዙ ይበቃል፤ ሙዙ ራሱ ጣፋጭ ነው። ማር ብትይኝ፣ የጎጃም ማር ማን ይጠላል፤ ግን እሱም ስኳር ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ፈጽሞ አይሰጥም። ትንሹ ልጅሽ ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡትሽ በቀር ምንም አያስፈልገውም፤ ይህን ጭማቂም አታቅምሺው።

ደግሞ ይህ ነገር ቁርሱን አይተካም። ከቁርሱ ጋር ነው የሚጠጣው። ግማሽ ብርጭቆ ለአንድ ልጅ ይበቃል፤ ከጎኑ ቂጣ ወይም ፍርፍር ይኑር፤ በፍስክ ቀን እንቁላል ይኑር። በፍስክ እርጎ ብትጨምሪበት ይወፍራል። በጾም ተልባውና በሶው አለልሽ። ሰባት ዓመት ያልሞላው ልጅ እንደ ትልቅ ሰው እንዲጾም አይገደድም፤ «ጾም ነው» ብለሽ ጠዋት ባዶ ሆዱን አትስደጂው።

መብራት ሲጠፋ ምን ላድርግ ትይኛለሽ። መብራት መጥፋቱ አይቀርም። ያን ቀን ጎመኑን በፈላ ውሃ ነከር አድርገሽ በደቃቁ ክተፊው፤ ከተቀቀለ ድንች ጋር ጨፍልቂውና ሎሚ ጭመቂበት። ዋናው ብሌንደሩ አይደለም። ዋናው ልጁ ጠዋት አረንጓዴ ነገር ማየት መልመዱ ነው። መብራት ስለጠፋ አንድ ቀን ተውሽ፤ ነገ ስለቸኮልሽ ተውሽ፤ ሳምንት ሲሞላ ብሌንደሩ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይጠጣል። ልማድ እንዲህ ነው የሚሞተው፤ ሳይታወቅ።

ልጆቹ መጀመሪያ እምቢ ይላሉ። ቀለሙን አይተው ይሸሻሉ። አትቆጪ፤ አታስገድጂ። አንድ ቅጠል ብቻ ጨምረሽ ጀምሪ፤ ሲለምዱ ታበዢዋለሽ። አባታቸውም አብሮ ይጠጣ። እሱ ሻይ ይዞ እነሱን ጎመን ጠጡ ማለት አይሆንም።

አንቺስ ልጄ? ይህን የምጠይቅሽ ስለማውቅሽ ነው። የእኛ አገር ሴት ሁሉን አብልታ፣ ሁሉን ሸኝታ፣ የተረፈውን ቆማ ትቀምሳለች። አንዳንዴም የሚተርፍ የለም። ደምሽ የሚያንሰው በዚህ ነው፤ ስትነሺ ዓይንሽ የሚጨልመው በዚህ ነው። ደግመሽ ብታረግዢ ደግሞ ጎመን ውስጥ ያለው ፎሌት ለፅንሱ አከርካሪ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ያስፈልገዋል፤ ሴትዮዋ ማርገዟን ሳታውቅ ማለት ነው። ስለዚህ ከብሌንደሩ ስትቀጂ የመጀመሪያው ብርጭቆ ያንቺ ይሁን። ቁጭ ብለሽ ጠጪው። ልጆቹ እስኪለብሱ ጊዜ አለሽ።

ጎመኑን ሁልጊዜ ከገበያ መግዛት የለብሽም። ዘሩን ከጓሮዬ አስቀምጬልሻለሁ። ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መኪና ብቸናንም ሞጣንም ስለሚያልፍ ከሰው ጋር እልክልሻለሁ። መደቡን ከሽንት ቤቱ አርቂው። አመድ አድርጊበት፤ ሳሙና የሌለበትን የዕቃ ማጠቢያ ውሃ አጠጪው። ስትለቅሚ ከሥር ከሥር ቀንጥቢ፤ ጫፉን አትንኪው፤ መልሶ ያቆጠቁጣል። ውሃ የሚያጠጡት ልጆቹ ይሁኑ፤ ራሳቸው ያሳደጉትን ጎመን እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል።