ስለትና ስእለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በክርስቶስ የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ቢላ ነው። «ቢላ ከሰንበት ትምህርት ቤት ምን አገናኘው?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን ጠላት ዲያብሎስ ወጣቱን የሚያጠምደው በመጠጥና በዝሙት ብቻ አይደለም። ኃጢአት በማይመስል፣ ማንንም የማይጎዳ በሚመስል ትንሽ ፍቅርም ያጠምዳል። እኔን ያጠመደኝ በስለት ነውና የራሴን ልናገር።

ነገሩ የተጀመረው በአንዲት ሰንጢ ነው። አጎቴ ከውጭ አገር ሲመለስ ቀይ እጀታ ያላት የስዊዘርላንድ ሰንጢ አመጣልኝ። ቢላዋም፣ መቀሷም፣ ቆርቆሮ መክፈቻዋም በአንድ እጀታ ውስጥ ተጣጥፈው ሲገቡ ባየሁ ጊዜ ልቤ ተሰረቀ። ከዚያ በኋላ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄጄ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ የተሠራ ካራ ገዛሁ። ቀጥሎ በሁለት ወገን የተሳለ፣ ጎበጥ ያለ የአፋር ጊሌ ከነአፎቱ አገኘሁ። አንዱ ሌላውን እየጠራ በሁለት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ሆኑ። ሁሉንም በአንድ ሣጥን ቆልፌ አስቀመጥኋቸው። ማታ ማታ አውጥቼ በዘይት እወለውላቸዋለሁ፤ ለጸሎት ስቆምም ዓይኔ ወደ ሣጥኑ ይሄዳል።

ዕውቀቴም በዚያው ልክ አደገ። ቀዩን ሰንጢ የሚሠራውን ድርጅት ካርል ኤልስነር በ1884 እ.ኤ.አ. እንደ መሠረተው፣ ዮሴፍ ኦፒኔል የተባለው ፈረንሳዊ ደግሞ ባለ እንጨት እጀታውን ተጣጣፊ ቢላ በ1890 እ.ኤ.አ. በሳቮይ ተራሮች መሥራት እንደ ጀመረ በቃሌ እናገር ነበር። በቤታችን ማእድ ቤት ያለው ቢላ ስለት እንዳለውና እንደሌለው ግን አላውቅም ነበር። «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» ማለት እንዲህ ነው።

በዚህ መካከል እናቴ በጠና ታመመች። በጭንቀቴ ጊዜ ኪዳነ ምሕረት ፊት ቆሜ፣ «እናቴን ብታድኝልኝ ለክብረ በዓልሽ ጃንጥላ አገባለሁ» ብዬ ተሳልሁ። እናቴም ዳነች። ከትምህርት በኋላ እየሠራሁ ሦስት ሺህ ብር አጠራቀምሁ። የካቲት 16 ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ግን አንድ ሰው ያን የኦፒኔል ቢላ አሳየኝ። ዋጋው ልክ በእጄ ያለው ገንዘብ ሆነ። ያን ጊዜ ልቤ ምን አለኝ መሰላችሁ? «ኪዳነ ምሕረት ትታገሣለች፤ ቢላውን ግን ነገ ሌላ ይወስደዋል።» ገዛሁት። በዓሉም አለፈ።

ዐቢይ ጾም ገባ፤ እኔም ከሥጋና ከወተት ጾምሁ፤ ከሣጥኔ ግን አልጾምሁም። በቅዳም ሥዑር እናቴ ለዶሮው ወጥ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ቢላው ከመዶልዶሙ የተነሣ ሽንኩርቱን በኃይል ትጫነዋለች። ድንገት አዳለጣትና ጣቷን ክፉኛ ቆረጣት። ደሙን አይቼ ስደነግጥ፣ «ምን ላድርግ ልጄ፤ ቢላው እምቢ አለኝ» አለችኝ። እጇን አስሬ ወደ ሣጥኔ ሮጥሁ። ከፈትሁትና ኦፒኔሉን አነሣሁ። ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ የምናዘዝላችሁ ይህንን ነው፤ እጄ ለቅጽበት ቆመ። ብረቱ በሽንኩርት ውኃ የሚጠቁር ዓይነት ስለ ነበር፣ «ይበላሽብኝ ይሆን?» ብዬ ሳሳሁ። የእናቴ ደም ገና ከእጄ ላይ አልደረቀም ነበር። በዚያች ቅጽበት ማን ማንን እንደ ያዘ ገባኝ። እኔ ቢላዎቹን ሰበሰብሁ እንጂ፣ ለካ እነርሱ እኔን ቆልፈውብኝ ኖረዋል። ጌታችን መዝገባችን ባለበት ልባችንም በዚያ እንደሚሆን ያስተማረው (ማቴ. 6፥21) ለሌላ ሰው ይመስለኝ ነበር።

ከሣጥኑ ሥር የምናለሽ ተራውን ካራ ሳወጣ ደግሞ ባለፈው ክረምት እርጥበት ዝጎ አገኘሁት። ሐዋርያው ያዕቆብ የተከማቸ ሀብት ዝገት በባለቤቱ ላይ ምስክር እንደሚሆን ጽፏል (ያዕ. 5፥3)። የእኔም ምስክር በእጄ ነበር።

ከትንሣኤ በኋላ የእናቴን ቢላ ይዤ ከገበያው ጥግ ቢላና መቀስ ወደሚስሉ አንድ ሽማግሌ ሄድሁ። «አባባ፣ ይህን ይሳሉልኝ» ብላቸው፣ «እጅ የለህም እንዴ ልጄ? ና ተቀመጥ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድሁ ተማርሁ። እኒህ አባት የቀጥቃጭ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው «ቡዳ» እየተባሉ እንዳደጉ አጫወቱኝ። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሙያው መስደብ እንዲቀር በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አውጥተው እንደ ነበር እናውቃለን፤ ስድቡ ግን ከአዋጁ በኋላም ኖረ። መጽሐፍ እንደሚነግረን በሳኦል ዘመን በእስራኤል አገር ብረት ሠሪ ስላልነበረ፣ ሕዝቡ ማረሻውንና መጥረቢያውን ለማሳል ወደ ጠላቶቹ ወደ ፍልስጥኤማውያን ይወርድ ነበር (1ኛ ሳሙ. 13፥19-21)። ብረት ሠሪውን የሚንቅ ሕዝብ ጠላቱ ደጅ ይቆማል። እኔም የባዕዳኑን ስም በቃሌ ይዤ፣ የሰፈሬን ባለ እጅ ስም ሳልጠይቅ ስንት ጊዜ በፊታቸው አልፌአለሁ!

የተማርሁት እንዲህ ነው። ቢላው በድንጋዩ ላይ ጋደም ይላል እንጂ ቀጥ ብሎ አይቆምም፤ ከድንጋዩ ከፍ የሚለው ሃያ ዲግሪ ገደማ ነው። ያ ማዕዘን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መጠበቅ አለበት። በመጀመሪያ ሻካራው ድንጋይ፣ በኋላ ለስላሳው ይመጣል፤ ድንጋዩም በውኃ ይርሳል። አንዱ ወገን በሚገባ ሲሳል በሌላው ወገን በኩል ለጣት የሚሻክር እንደ ፀጉር የቀጠነ የብረት ጠርዝ ይወጣል። ያን ጊዜ ቢላው ይገለበጣል። በመጨረሻም በቆዳ ላይ ወደ ኋላ እየተጎተተ ያ ሻካራ ጠርዝ ይወገዳል። እኔ ቸኩዬ፣ «በሞተር በሚዞረው ድንጋይ ብናደርገው አይፈጥንም?» ብል፣ «ይፈጥናል፤ ግን ያልጠነቀቀ ሰው ብረቱን ያግለዋል። ስለቱ ግሎ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄደ። ከዚያ ወዲያ ብትስለው ቶሎ ይዶለዱማል» አሉኝ። በአንድ የጉባኤ ምሽት ግሎ በሳምንቱ የሚዶለዱመው የእኛ የወጣቶች መንፈሳዊነት ታወሰኝ።

አንድ ቀን በድንጋዩ ላይ የቀረውን ጥቁር ውኃ አሳይተውኝ፣ «ይህ ምን ይመስልሃል?» አሉኝ። «ጭቃ ነው» አልሁ። «አይደለም፤ ብረት ነው። ቢላ የሚሳለው ከራሱ ሲሰጥ ነው። ከራሱ ምንም አልሰጥም ያለ ቢላ ዱልዱም ሆኖ ይኖራል» አሉኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። ስብስብ የሚያድገው በመጨመር ነው፤ ስለት ግን የሚገኘው በመቀነስ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ጾምን የሠራችልን እኮ ለዚህ ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ከምግባችን፣ ከእንቅልፋችን፣ ከገንዘባችን የምንቀንሰው እግዚአብሔር ምግባችን ከብዶበት አይደለም፤ እኛ ስለት እንድናገኝ ነው። የተቀነሰው ወደ ድኃው ካልሄደ ግን ቢላውን በአንድ ወገን ብቻ መሳል ነው። ጠቢቡም ብረት ሲዶለዱም ባለቤቱ ብዙ ኃይል እንደሚጨርስ ተናግሯል (መክ. 10፥10)። ያን በእናቴ ጣት ላይ አየሁት። እኛ ሳንሳል ስንቀር የሚደማው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው።

አሁን ወደ አርእስቱ ልመለስ። በግእዝ ሰሐለ ማለት ስለት አወጣ፣ ሳለ ማለት ነው፤ ሰአለ ማለት ደግሞ ለመነ ማለት ነው። ሥራቸው ልዩ ልዩ ነው። በአማርኛ አንደበት ግን የቢላውም ስለት ይባላል፣ ለእግዚአብሔር የምንገባው ስእለትም ስለት ይባላል። ቢላውም ተሳለ፣ ሰውዬውም ተሳለ እንላለን። እኔ የአንዱን ስለት ስወለውል የሌላውን ስለት በላሁ። ተስሎ ከመቅረት አለመሳል እንደሚሻል መጽሐፍ ያስጠነቅቃል (መክ. 5፥4-5)። ይህን ለንስሐ አባቴ በነገርሁ ጊዜ አልተቆጡኝም፤ «ኦፒኔሉን ስጥ አልልህም፤ ስለትህን ግን ክፈል» ብቻ አሉኝ። ከኦፒኔሉ ጀምሮ ስምንቱን ሸጥሁ። ጃንጥላው በቀጣዩ የካቲት 16 ገባ። የተረፈው ገንዘብ የት እንደ ገባ መናገር ውዳሴ ከንቱ ይሆንብኛል።

ሦስቱ ቢላዎች አሁንም አሉ። ቀዩ ሰንጢ የአጎቴ ስጦታ ነው፤ ካራው ዝገቱ ተፍቆ ለበዓል ጎረቤት ሁሉ ይዋሰዋል፤ ሦስተኛውን ግን ለምን እንዳስቀረሁት እውነቱን ለመናገር ገና አልለየሁትም። በምናለሽ ተራ ሳልፍ ዛሬም ዓይኔ ይቅበዘበዛል። ስለዚህ ድኛለሁ ብዬ አልመካም። የእናቴን ቢላ ግን በየአሥራ አምስት ቀኑ እስላለሁ፤ የጎረቤቶቻችንንም እንዲሁ። በእያንዳንዱም ጊዜ በድንጋዩ ላይ የሚቀረውን ጥቁር ውኃ አያለሁ።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ የእናንተ ሣጥን ውስጥ ያለው ቢላ ላይሆን ይችላል። ልብስ ይሆናል፣ ኳስ ይሆናል፣ ስልክ ይሆናል፣ ምናልባትም በቃል የተያዘ ነገር ግን ያልተሠራበት ጥቅስ ይሆናል። ፍጥረቱ ክፉ አይደለም፤ አብርሃምም ወደ ተራራው ሲወጣ ቢላ ይዞ ነበር (ዘፍ. 22፥6)፤ እግዚአብሔር ተው ሲለው ግን እጁን መለሰ። ጥያቄው ያዝን ወይስ ተያዝን የሚለው ነው። ዛሬ ማታ ሣጥናችንን እንክፈት። በውስጡ የማን ስለት ተቆልፎ እንደ ቀረ እንመልከት። ብረት ብረትን እንደሚስል ሰውም ባልንጀራውን ይስላልና (ምሳ. 27፥17) እኔን ዝጌ ካገኛችሁኝ ገሥጹኝ።

ለዚህ የእግዚአብሔር ቸርነት፣ የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።