በሩን የከፈተልሽ ማን ነው?

ልጄ፣ ልብ ወለድ ማንበብሽን አልነቅፍብሽም። አጅማን ላይ ቀኑን ሙሉ የሰው ቤት ስታጸጂ፣ ልብስ ስትተኩሺ ውለሽ፣ ማታ በስልክሽ መጽሐፍ መክፈትሽ ከቲክቶክ ወሬ ይሻልሻል። እኛም ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ሥራችንን አቁመን የሰማን ሰዎች ነን፤ የፍቅር ታሪክ የምጠላ አሮጊት እንዳልመስልሽ። ግን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ነውና፣ ስለምታነቢያቸው መጻሕፍት ሥር ልንገርሽ።

የድሮ ተረት ወስደው በክርስቲያን ታሪክ የሚያድሱት እነዚህ መጻሕፍት አገልጋይ ልጅን ጌታ ቤት ማስገባት ይወዳሉ። አሜሪካዊቷ ሜላኒ ዲከርሰን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣችውን «የነጋዴው ልጅ» የተባለውን ተመልከቺ። ዘመኑ 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አገሩ እንግሊዝ ነው። አናቤል የቤተሰቧ ዕዳ በላይዋ ወድቆባት፣ ፊቱ ጠባሳ ያለበት አንድ ቁጡ ጌታ ቤት ልታገለግል ትገባለች፤ ማታ ማታ መጽሐፍ ቅዱስ ታነብለታለች፤ በመጨረሻም ይጋባሉ። ዕዳ፣ ኮንትራት፣ የሰው ቤት፣ ከሥራ በኋላ የሚነበብ ቅዱስ ቃል! አንቺን አይታ የጻፈችው ይመስላል። ልብሽ እዚያ ላይ መቅረቱ አይደንቀኝም።

የምፈራውም ይህንኑ ነው። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ አባቶች። ባለቤቱ ሽቶ ገዝቶ ቢያቀብልሽ፣ ማዳም ሳታውቅ የስልክ ካርድ ቢሞላልሽ፣ «ጌታው ወደደኝ፣ እንደ መጽሐፉ ሊሆን ነው» እንዳትዪ። መጽሐፉ የተቀዳበትን ተረት እስከ መጨረሻው አንብቢው። ፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. በ1740 ማዳም ደ ቪልነቭ ጻፈችው፤ በ1756 ደግሞ ለፕረንስ ደ ቦሞን አሳጠረችው። በተረቱ አንዲት ልጅ አውሬ ቤት ትገባለች፤ አውሬውም በየማታው አግቢኝ ይላታል፣ እሷም እምቢ ትላለች። ያ ሁሉ ልብስና ድግስ ልቧን አላሸነፈውም። አባቷ መታመሙን ስትነግረው ግን አውሬው በሩን ከፍቶ ሰደዳት። ልትቀርበት ትችል ነበር። እሷ ግን በገዛ እግሯ ተመለሰች፤ ያገባችውም ከዚያ ወዲያ ነው። ቁልፉ በእሱ እጅ ሳለ የተናገረው ሁሉ ፍቅር መሆኑ በምን ይታወቃል? ኮንትራትሽን የያዘ ሰው ሲያቆላምጥሽም እንዲሁ ነው። እምቢ ብትዪው ሥራሽ፣ ደመወዝሽ፣ መኖሪያሽ እንደማይነካ እስካላየሽ ድረስ እሺታሽን አትስጪው።

በሩን የሚከፍተው ደግሞ ጌታ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ ፓስፖርትሽና መታወቂያሽ በራስሽ እጅ እንዲሆኑ፣ በሳምንት አንድ ቀን ደመወዝ ሳይቆረጥ እንድታርፊ፣ በቀንም 12 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ያልተቋረጠ እንዲኖርሽ ያዛል። ዕረፍት ቀንሽን ጠይቂ። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል።»

ደግሞ የፈረንጁን ብቻ አታንብቢ። የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ራሱ ከዚሁ ወገን ነው። የዘጌው ሰው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ኔፕልስ አማርኛ ሲያስተምር ጽፎ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው፣ ዛሬ «ጦቢያ» የምንለው ነው። አንድ ክርስቲያን ደጃዝማች ድል ሆኖ ይማረካል፤ ደግ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ያስለቅቀዋል፤ ልጁ ዋህድ ያንን ውለታ ልመልስ ብሎ ከቤቱ ወጥቶ ባርነት ውስጥ ይወድቃል። «የአባት ዕዳ ለልጅ» ሆነ። የደላላ ብር ልመልስ ብሎ ወጥቶ መንገድ ላይ የጠፋ የስንቷ እናት ልጅ ነው! መንታ እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ልትፈልገው ወጣች። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው፤ የወጣችው ወንድሟን ፍለጋ እንጂ ባል ፍለጋ አልነበረም። በመጨረሻ አረማዊው ንጉሥ ሲወዳት እሷ ሃይማኖቷን አልለቀቀችም፤ ንጉሡ ነው ወደ እሷ የመጣው። ከሰርጉ ይልቅ ይህን ያዢ። መጽሐፍ ወዳጅ ነሽና፣ ኅዳር አካባቢ ሻርጃ ኤክስፖ ሴንተር የመጻሕፍት ትርኢቱ ሲከፈት ዕረፍትሽን አስተካክለሽ ከጓደኛሽ ጋር ሄደሽ ብታዪው ደስ ይለኛል።

አሁን ላገባው ነው ወደምትዪኝ ልጅ ልምጣ። በኢሞ ብቻ እያወራችሁ ቀለበት ልናስር ነው ማለትሽ አላማረኝም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» ክፉ ነው አላልኩም፤ ዱባይ ውስጥ በላቡ የሚያድር ስንት ጨዋ ልጅ አለ። ግን ቃሉ ጥሩ ነው፣ ጥቅስ ይልክልኛል ብለሽ ብቻ አትመኝው። ጥቅስ መላክ ገንዘብ አይፈጅም። አስቀድሞ ለእናትሽ ይደውል፤ የንስሐ አባትሽም ይወቁት፤ እዚህ ላለነው ደግሞ እንደ ወጉ ሽማግሌ ይላክ። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ወዳለበት ወደ ያርሙክ ይምጣ። አገር ቤት ሚስት ትቶ እንደሆነ፣ ቪዛው በማን ስም እንዳለ፣ ከአንቺ የተበደረው ድርሃም ካለም መቼ እንደሚመልስ፣ አንቺ አትጨነቂ፣ እኔው ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ።