ጐተራ ስለ መክፈት

ምእመናን ሆይ፥ የተረፈንን እህል ዋጋው እስኪወደድ መያዝ ኃጢአት ነውን?

የቢቸናና የሞጣ ደጋ ለጮቄ ተራራ ስለ ቀረበ ብዙ ጊዜ ዝናም አያጣም፤ የዓባይ ቆላው ግን ክረምቱ ሲዘገይ ቡቃያው ይደርቅበታል። ከዓባይ ማዶም ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ከድርቅ በመጣ ረኃብ ብዙ ሕዝብ አጣ። እኛ ዝናም ያገኘነው በጽድቅ ስለ በለጥን አይደለም።

ዮሴፍ በጥጋብ ዘመን አከማቸ፤ በረኃብ ዘመን ጐተራውን ከፍቶ ሸጠ። ስለዚህ ለዘርና ለቀለብ ማስቀረት ጥበብ ነው፥ መሸጥም አይነቀፍም እንላለን፤ ኃጢአቱ የወንድምን ረኃብ እንደ መከር መጠባበቅ ነው።

እንግዲህ ቆላው ሲራብ የደጋው ጐተራ በመከር ዋጋ ይከፈት። ሰማይ ነገ በእኛ ላይ ቢዘጋ የምንለምነው ዛሬ የተራበውን ጐረቤት ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።